ቴሌቪዥን የተሸከመው ክሮማቶግራፍ

ይህን የጻፍኩት ለኬሚስትሪ ክበባችን አባላትና ሐይቅ ከተማ ላሉት ለእናቴና ለጎረቤቶቿ ነው። የክበቡ አባላት መሣሪያው እንዴት እንደተገዛ ጠይቀውኛል፤ እናቴ ደግሞ ምን ስበላ እንደሰነበትኩ። ሁለቱንም ደስ ለማሰኘት ስል ምንም ሳልዘል በቅደም ተከተል አስፍሬዋለሁ። ስለ ክሮማቶግራፍ የማይገደው ሰው ምሳ ምሳውን እየፈለገ ማንበብ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮሌጃችን ክሮማቶግራፍ የምናውቀው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ነበር። መምህራችን መምህር ደረጀ በነጭ ጠመኔ ፓምፕ ይስላሉ፤ በቢጫ ጠመኔ ቱቦ ይስላሉ፤ ከዚያ "እንግዲህ ሻዩ እዚህ ጋ ገባ እንበል" ይሉናል። እኛም እንላለን። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ሁሉ "እንበል" እያሉ ተመርቀዋል። መሣሪያው በእውነት ቢኖር የተደባለቀ ፈሳሽ ተቀብሎ በውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ይለይ ነበር፤ ሻይ ብትሰጡት ካፌይኑን ለብቻው አውጥቶ ምን ያህል እንደሆነ ይነግራችኋል።

አዲስ መግዛት ለእኛ የሚታሰብ አይደለም። ዘንድሮ ግን የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ጥቂት ገንዘብ ተርፎ ተገኘ። ለኮሌጁ የግዢ ኮሚቴ ሁለት ሐሳብ ቀረበለት፤ ያገለገለ ክሮማቶግራፍ ወይም ለቢሮ የሚሆኑ ተሽከርካሪ ወንበሮች። መምህር ደረጀ ተከራክረው እስከ ሰኔ መጨረሻ ጊዜ ተሰጣቸው። እስከዚያ የሚሠራ መሣሪያ ይዘው ካልመጡ ወንበሮቹ ይገዛሉ። የወንበሮቹን ፎቶ አይቻለሁ፤ ያምራሉ፤ ያሳሰበንም እሱ ነው።

መምህር ደረጀ ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አገኙ። ኑሩ የሚባል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ የፈሳሽ ክሮማቶግራፍ ይሸጣል። ለጉዞው ረዳት ሲያስፈልጋቸው እኔን መረጡኝ። በውጤት የሚበልጡኝ ልጆች ነበሩ፤ ነገር ግን ለሆቴል የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ ገርጂ አክስት ያለው ተማሪ ተፈለገ። አክስት ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ሰዒድ" አሉኝ መምህር ደረጀ፣ "ፊትህ ላይ ሁሉ ነገር ይነበባል። ማሽኑን ስናይ ደስ ቢልህም ዝም በል። ባይሠራም ዝም በል። ሻጭ ፊት አንዲት ቃል እንዳይወጣህ።"

እሺ አልኳቸው። ቤት ገብቼም ትንሽ ተለማመድኩ።

አንደኛ ቀን፣ ረቡዕ

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደረስን። እናቴ የተቀቀለ እንቁላልና ቆሎ ቋጥራልኝ ነበር። መምህር ደረጀ የሰኔን ጾም ለቄሶች ቢተዉም ረቡዕና ዓርብን ስለሚጾሙ እንቁላሉ የኔ፣ ቆሎው የሳቸው ሆነ። ሸዋሮቢት ላይ በሙቀቱ ጃኬታችንን አወለቅን፤ ደብረ ሲና ላይ መልሰን ለበስን፤ ጣርማ በር ላይ ሁለተኛ ጃኬት ተመኘን።

መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ፈታሹ የመምህር ደረጀን ቦርሳ ከፍቶ ነጭ ዱቄት ያለባት ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። ማሽኑን የምንፈትንበት ንጹሕ ካፌይን ነበር።

"ይሄ ምንድነው?"

"ካፌይን ነው። ሻይ ውስጥ ያለው ነገር።"

"ታዲያ ለምን ሻይ አይጠጡም?"

"ለሙከራ ነው።"

"የምን ሙከራ?"

መምህር ደረጀ ማስረዳት ጀመሩ። እጃቸውን አንስተው በአየር ላይ ፓምፕ ሳሉ። ፈታሹ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ "እሺ፣ ይቅመሱት" አላቸው። በጣታቸው ጫፍ ነክተው ቀመሱ። ፊታቸው እንደ ተጨመቀ ሎሚ ሆነ። ፈታሹ ፊታቸውን በደንብ አየና "ይሄን ለደስታ ብሎ የሚወስድ ሰው የለም" ብሎ አሳለፈን። ከኋላችን የተቀመጡ እናት መራራውን ያጥፋልዎ ብለው ከረሜላ ሰጧቸው። ከዚያ እስከ ላምበረት መናኸሪያ መምህር ደረጀ አላንቀላፉም። ስለ ክሮማቶግራፊ ሲያስረዱ ስለነበር ሌላውም ተሳፋሪ አላንቀላፋም።

ከላምበረት በመገናኛ አድርገን ገርጂ ገባን። ሐይቅ ላይ ባጃጅ ስትሳፈሩ ወይ ተሳፋሪውን ታውቁታላችሁ ወይ ነጂው ያውቃችኋል። መገናኛ ላይ ግን ያን ሁሉ ሰልፍ አልፌ "እንዴት አመሸህ" ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ለጥቂቶቹ ብዬ ነበር፤ ዕቃ የምሸጥ መስሏቸው ዞር አሉ።

አክስቴ ዘምዘም ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሥር ጨርቅ ትሸጣለች። ለመምህር ደረጀ ሽሮና ጎመን፣ ለእኔ ቅቅል ሠርታ ጠበቀችን። የመምህሩን ጾም በስልክ አስቀድማ ጠይቃኝ ነበር። ከእራት በኋላ ለኑሩ ደወልን። ስልኩ ዝግ ነው።

ሁለተኛ ቀን፣ ሐሙስ

ስልኩ አሁንም ዝግ ነው። መምህር ደረጀ ዓይናቸው ቀልቷል፤ እንቅልፍ የሚባል አላገኙም። ዝም ብለን ከምንቀመጥ ሌላ እንፈልግ ብለን ወደ ቦሌ ሄድን።

መጀመሪያ የገባነው አንድ የላቦራቶሪ ዕቃ አስመጪ ቢሮ ነው። ሕንፃው መስታወት በመስታወት ስለሆነ በሩን ለማግኘት ጥቂት ቆየን። አንዲት ጨዋ ሠራተኛ ተቀበለችን።

"ያገለገለ የለንም፤ ታድሶ የሚሸጥ፣ ሪፈርቢሽድ፣ ግን አለን" አለች።

"ልዩነታቸው ምንድነው?" አሉ መምህር ደረጀ።

"ዋጋው።"

ዋጋውን በወረቀት ጽፋ አቀበለቻቸው። መምህር ደረጀ አንብበው "ጥቂት ቁጭ ልበል" አሉ። ተቀምጠው እንደነበር ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ልጅቷ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣችልን፤ ጠጥተን፣ አመስግነን ወጣን።

ከሕንፃው በር ሞገስ የሚባል ደላላ አገኘን። በትክክል ለመናገር እሱ ነው እኛን ያገኘን። "ምን ጠፋ፣ ፋዘር? ቤት ነው? መኪና? መሬት?" አለ። መምህር ደረጀ ተስፋ ቆርጠው ስለነበር አስረዱት፤ ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ ፈሳሽ በከባድ ግፊት ይገፋል፤ ፈሳሹ በደቃቅ ዱቄት በታጨቀ ብረት ውስጥ ያልፋል፤ በሌላ በኩል የሚወጣው ይመረመራል። ሞገስ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማቸው።

"አለኝ" አለ። "ንጹሕ ዕቃ። ባለቤቷ ራሷ የሠራችበት። ቦሌ ቡልቡላ።"

ቡልቡላ ከአየር ማረፊያው ወዲያ ነው። አውሮፕላን ጣራ ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ሰዎቹ ግን ቀና ብለው እንኳ አያዩትም፤ እኛ ሐይቅ ላይ ለዳክዬ ቀና እንላለን። ሞገስ ከአንድ ከተዘጋ ካፌ አስገባንና ጨርቅ ገለጠ። የማኪያቶ ማሽን ነው።

መምህር ደረጀ ማሽኑን ዞረው አዩት። የግፊት መለኪያውን አዩ። ጎንበስ ብለው ከሥሩም አዩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "በመርሕ ደረጃ አልተሳሳተም" አሉኝ።

የካፌው ባለቤት መሥራቱን ላሳያችሁ ብላ ከጎረቤት ወተት አስመጥታ ማኪያቶ አፈላችልን። አንገዛም ካልናት በኋላ ደግማ ቀዳችልን። መምህር ደረጀ ሴትዮዋን ላለማስቀየም ሁለቱንም ጠጡ። ሞገስ የእግሩን፣ የድካሙን ዋጋ፣ ጠየቀ፤ ምሳ ጋበዝነው፤ ክትፎ አዘዘ። ሲለየን "ክሮማቶ ካገኘሁ እደውላለሁ" አለ። "ካጣሁም አያስቡ፤ መሬት አለ።"

መምህር ደረጀ ያን ሌሊትም አልተኙም።

ሦስተኛ ቀን፣ ዓርብ

ጠዋት ኑሩ ራሱ ደወለ። የታክሲ ሹፌር ነው፤ ስልኩ ወድቆ ጥገና ቤት ሰንብቶ ነበር። "ከጁምዓ በኋላ ቤት ኑ" አለን። ቤቱ የካ አባዶ ነው።

አክስቴ ሱቋን ዘግታ አብሬ እሄዳለሁ አለች። "ሁለት የተማረ ሰው ብቻውን ዕቃ ሊገዛ አይሄድም" አለች። መምህር ደረጀ ደስ አላቸው። አክስቴ ዋጋ ስታስቀንስ ያየ ያውቃታል፤ ሻጩ በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቋት ነው የሚሸጥላት።

የካ አባዶ ሩቅ ነው። ከመገናኛ ሚኒባስ ተሳፍረን ስንሄድ፣ ስንሄድ፣ ወደ አገራችን የምንመለስ ሁሉ መስሎኝ ነበር። ኮንዶሚኒየሞቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የሰው ቤት አንኳኩተን ይቅርታ ጠየቅን። ሰውየው ግን ኑሩን ያውቀዋል፤ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ እስከ በሩ አደረሰን። ይሄ ሐይቅን አስታወሰኝ።

ሳሎን ስንገባ ማሽኗን ወዲያው አየኋት። አራት ሣጥኖች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው፣ ነጭ ዳንቴል ለብሰው፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሸክመዋል። ጎንና ጎናቸው የፕላስቲክ አበባ አለ። ደስ አለኝ። ፊቴ እንዳይነበብ ምንጣፉን ማየት ጀመርኩ።

ኑሩ ቀድሞ ለማር ነጋዴዎች ማር የሚመረምር ትንሽ ላቦራቶሪ ነበረው። የቤት ኪራዩ ሲከብድ ዘጋው፤ መሣሪያዋን ግን የሚያስቀምጥበት ሲያጣ ቤቱ አመጣት። "ለጊዜው ብለን ነበር" አለች ባለቤቱ ከድጃ። "ያኔ ትንሹ ልጄ አልተወለደም። አሁን ትምህርት ቤት ይሄዳል።"

ሳይበላ ስለ ዕቃ አይወራም ተባለ። ከድጃ ሥጋ ሠርታ ነበር፤ መምህር ደረጀ ዓርብ እንደሚጾሙ ስትሰማ ተነስታ ምስር ጣደች፤ አይድከሙ ቢሏት አልሰማችም። ምስሩ እስኪደርስ አክስቴ ጥያቄ ጀመረች።

"አገርህ ወዴት ነው፣ ኑሩ?"

"ወሎ።"

"ወሎማ ሰፊ ነው።"

"አምባሰል። ውጫሌ።"

"ውጫሌ የማን ልጅ?"

"የሐጂ ይማም የልጅ ልጅ ነኝ።"

"ወፍጮ የነበራቸው? ቀዩ ይማም?"

"ናቸው።"

አክስቴ ተነስታ ሳመችው። የእናቷ አክስት ለሐጂ ይማም ወንድም ነበር የተዳረችው። ከድጃም መጥታ ተሳሳሙ፤ እኔም ተነስቼ ተሳምኩ። መምህር ደረጀ ምስራቸውን እየጠበቁ ዓይናቸው በራ። ዘመድ ከተገኘ ዋጋ ይቀንሳል ብለው ነው። እኔ አክስቴን ስለማውቅ ወደ ምንጣፉ ተመለስኩ።

"እንግዲህ ዋጋውን" አሉ መምህር ደረጀ ከምሳ በኋላ።

"ለዘመድ ምን ዋጋ አለ?" አለ ኑሩ። "ውሰዷት።"

መምህር ደረጀ ደነገጡ። ኮሌጃችን ስጦታ ለመቀበል ሌላ ኮሚቴ ያስፈልገዋል፤ ያ ኮሚቴ የሚሰበሰበው በመስከረም ነው። በሰኔ ደግሞ ወንበሮቹ ይገዛሉ። "በደረሰኝ መግዛት አለብን" አሉ። ኑሩ አዝኖ ማስታወቂያው ላይ የጻፈውን ዋጋ በግማሽ ቆረጠው።

"ምን?" አለች አክስቴ። "የሐጂ ይማምን የልጅ ልጅ ዘመዶቹ ዘረፉት እንዲባል ነው? ጨምር።"

"አልጨምርም።"

"ጨምር አልኩህ። ልጆች አሉህ።"

"እትዬ ዘምዘም" አሉ መምህር ደረጀ በቀስታ፣ "እርስዎ እኮ በእኛ በኩል ነዎት።"

"ነበርኩ" አለች አክስቴ። "አሁን ዘመዴ ነው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ሻጭ ያወርዳል፤ የገዢ ወገን ይጨምራል። አክስቴ ከበጀታችን በላይ ስትደርስ መምህር ደረጀ ከጠረጴዛ በታች እግሬን ረገጡኝ፤ ግን ዝም በል ስለተባልኩ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ኑሩ ሲምል አክስቴ ትምላለች። ሁለቱ ጭራሽ እየተራራቁ ሄዱ። በመጨረሻ መብራት ጠፋ። ያለመብራት ማሽኗን መፈተሽ ስለማይቻል ለነገ ተቀጣጠርን። ሁላችንም በልባችን መብራት ኃይልን አመሰገንን።

አራተኛ ቀን፣ ቅዳሜ

ወደ የካ አባዶ ስንመለስ ከአንድ ነዳጅ ማደያ ለመኪና ባትሪ የሚሆን የተጣራ ውሃ ገዛን፤ ለማሽኗ የሚሆነው ርካሹ ውሃ እሱ ነው። ከውሃው ጋር የሚቀላቀለውን ሌላ ፈሳሽ ኑሩ ከተቆለፈ ቁም ሣጥን አወጣ። ቴሌቪዥኑ ወርዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ግን አልጠፋም፤ ጎረቤት ሴቶች የቅዳሜ ድራማቸውን ለማየት መጥተው ነበር። ስለዚህ ባንድ ጥግ ሳይንስ፣ ባንድ ጥግ ድራማ ሆነ።

ኑሩ እጅጌውን ጠቀለለ። ዳንቴሉን አጥፎ ለሚስቱ ሰጠ። ፓምፑን አስነሳ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረች። ግፊቷ ቀስ እያለ ወጣ። መምህር ደረጀ ካፌይኑን አሟሙተው በመርፌ ከተቱ። አሁን ኑሩ ባመጣው ላፕቶፕ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ይሄዳል፤ ካፌይኑ ሲደርስ መስመሩ እንደ ኮረብታ ይነሳና ይወርዳል። ኮረብታው ፒክ ይባላል። ፒክ ካለ ማሽኗ ትሠራለች፤ ከሌለ አትሠራም።

ጠበቅን። መስመሩ እንደ መንገድ ተዘርግቶ ሄደ። ምንም።

ደገሙት። ምንም።

ኑሩን ላብ አጠመቀው። "ምናልባት የመመርመሪያዋ አምፑል ሞቶ ይሆናል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሱ ከሞተ አዲሱ ዋጋው አይቀመስም። እንዲህ ሆና ልሸጥላችሁ አልችልም። ብረት ናት።"

መምህር ደረጀ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ ወንበሮቹ እያሰቡ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም እያሰብኩ ነበር።

አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። የመመርመሪያዋ ሣጥን ፊት ላይ ትንሽ ቁጥር የምታሳይ መስኮት አለች። ካፌይኑ ከገባ ጥቂት ቆይቶ ቁጥሯ ዘለለችና ተመለሰች። ሁለተኛውም ጊዜ ልክ እንዲሁ። ላፕቶፑ ግን አላወቀም። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሻጭ ፊት አንዲት ቃል እንዳይወጣህ የተባልኩት ትዝ አለኝ፤ ዘጋሁ። ደግሜ ከፈትኩ፤ ዘጋሁ።

"ሰዒድ" አለች አክስቴ፣ "መጸዳጃ ቤቱ በዚያ በኩል ነው።"

"አይደለም፣ አክስቴ።"

"ታዲያ ምን ያቁነጠንጥሃል?"

"ዝም በል ተብያለሁ።"

ሰው ሁሉ ወደ መምህር ደረጀ ዞረ። "ኧረ ተናገር" አሉ ቀልተው።

ተናገርኩ። ኑሩ ሳልጨርስ ከማሽኗ ጀርባ ገባ። "ገመዷ የለም" የሚል ድምፅ መጣ። ቁጥሩን ከመመርመሪያዋ ወደ ላፕቶፑ የሚወስደው ገመድ የለም። ብቅ ብሎ ሚስቱን አያት።

"ከድጃ፣ እዚህ ጥቁር ገመድ ነበረ።"

"እሱማ የዲሹ ነው" አለች።

"የዲሹ ገመድ ሌላ ነበር።"

"እሱን ልጆችህ በጠሱት። ይሄኛው ሥራ ፈትቶ ተንጠልጥሎ አየሁት፤ ሞከርኩት፤ ገጠመ።"

"ገጠመ?"

"ጥርት አድርጎ ነው የሚያሳየው።"

ኑሩ ገመዱን ሊነቅል ወደ ቴሌቪዥኑ ሲሄድ ሴቶቹ ተንጫጩ። ድራማው ላይ አንድ ሰውዬ ለአንዲት ልጅ አባቷ ማን እንደሆነ ሊነግራት ነው። "አሁን ብትነቅለው ቤትህ ድጋሚ አንመጣም" አለች አንዷ። ኑሩ መምህር ደረጀን አያቸው። መምህር ደረጀ ጨዋ ሰው ናቸው፤ "ማስታወቂያ እስኪገባ እንጠብቅ" አሉ። የኮሌጃችን ዕጣ በእጃችን ተንጠልጥሎ ሁላችንም ድራማ አየን። ሰውየው እጅግ ቀስ እያለ ነበር የሚያወራው። አባቷ አጎቴ ስትለው የኖረችው ሰው ነው።

ማስታወቂያው ሲገባ ገመዱ ተነቀለ፤ ወደ ማሽኗ ተመለሰ። መምህር ደረጀ ሦስተኛውን መርፌ ከተቱ። ቴሌቪዥኑ ስለጠፋ ሴቶቹ ማንም ሳይነግራቸው ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ አዞሩ። መስመሩ ሄደ፣ ሄደ፤ ከዚያ ቀና አለ። ወጣ። አናቱ ላይ ደርሶ ተመልሶ ወረደ። መምህር ደረጀ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ፤ መልሰውም አላደረጉትም።

"አለቀ?" አለ የከድጃ ትንሹ ልጅ።

"ገና ነው" አሉ። "ሻይ ካለ አምጡልኝ።"

የከድጃ ሻይ በወረቀት ተጣርቶ ገባ። ብዙ ኮረብታ ወጣ፤ ከመካከላቸው አንዱ በትክክል ካፌይኑ በወጣበት ቦታ ቆመ። ይህን ያዩ ጎረቤቶች ተነስተው ወጡ። ያስቀየምናቸው መስሎኝ ነበር፤ እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ሻይ በብርጭቆ ይዘው ተመለሱ። የአንዷ ኮረብታ አጭር ሲሆን "ሁልጊዜ ውሃ ነው የምታጠጪን ብዬ አልነበር?" አለቻት ሌላዋ። "ቅጠሉ ነው እንጂ እጄ አይደለም" አለች። መምህር ደረጀ ያለ ጠመኔ አስተማሩ። "እንበል" የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልወጣቸውም።

ያኔ ነው ኑሩ ጠፍቶ የነበረው ቀለሙ ተመልሶ "አሁን አልሸጣትም ብል ምን ትላላችሁ?" ያለን።

መምህር ደረጀ መርፌውን እንደያዙ ቀሩ። የመለሰችለት ከድጃ ናት። "ኑሩ፣ ደንበኛ የላት፣ ቤት የላት። እኛ እኮ ቴሌቪዥን ነው ያስቀመጥንባት።"

ኑሩ አንገቱን ደፋ። ዋጋው ግን አሁንም አልተቆረጠም፤ አክስቴም ጉልበቷን አድሳ ነበር። በዚህ መሀል ሻይ ይዘው ከምድር ቤት የወጡት አባባ ተሰማ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። የሕንፃው ባልና ሚስት ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። "ይሄ በሽማግሌ ይለቅ" አሉ። "ሁለታችሁም ወገኖች ውጡ።"

ደረጃው ላይ ቆምን። እኔና መምህር ደረጀ ባንድ በኩል፣ ኑሩና ከድጃ በሌላ በኩል። አክስቴ ከነሱ ጋር ቆመች። ሽማግሌው መጀመሪያ እነሱን፣ ቀጥሎ እኛን አስገቡ።

"ቤታችሁ መብራት አለ?"

"ሲጠፋ ጄነሬተር አለን።"

"ልጆቹ እጃቸውን ይታጠባሉ?"

መምህር ደረጀ ወደ እኔ ጠቆሙ። እጄን ዘርግቼ አሳየሁ።

"ቴሌቪዥን ታስቀምጡባታላችሁ?"

"በፍጹም።"

"እንግዲህ እውነቱን። ያላችሁ ስንት ነው?"

መምህር ደረጀ ያለንን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሯቸው። አባባ ተሰማ ከዚያ ላይ የመጫኛውንና አዲስ የዲሽ ገመድ መግዣውን ቀንሰው፣ ሁሉንም ጠርተው የቀረውን ዋጋ አደረጉት። ኑሩ በዛ አለ፤ አክስቴ አነሰ አለች። "ሁለታችሁም ካኮረፋችሁ ልክ ነው" አሉና ሻያቸውን አነሱ። የሽማግሌ ቃል ስለሆነ ከዚያ ወዲያ የተናገረ የለም። ኑሩ ደረሰኙን ጻፈ።

አምስተኛ ቀን፣ እሁድ

የግቢው ጫኝና አውራጆች በር ላይ ጠበቁን። ዕቃ የሚያወጣ ሰው በእነሱ ነው የሚያስጭነው።

"ምንድነው?" አለ አለቃቸው።

"ክሮማቶግራፍ።"

"እሱ ታሪፍ የለውም። ፍሪጅ አለ፤ ቡፌ አለ፤ ሶፋ አለ።"

"ቴፕ ይመስላል" አለ ሌላው።

"ይሞቃል?" አለኝ አለቃው። አንዱ ሣጥን ቱቦውን ስለሚያሞቅ እውነቱን ነገርኩት። "በቃ ማይክሮዌቭ ነው" አለ። በአራት ማይክሮዌቭ ሒሳብ ተስማማን። ኑሩ ከፊታቸው ወደ ኋላ እየተራመደ "ቀስ፣ ቀስ" እያለ አራቱንም ፎቅ ወረደ። በአክስቴ ብርድ ልብሶች ተጠቅልላ አይሱዙ ላይ ተጫነች። ከድጃ ለመንገድ ሻይ በፔርሙዝ ሰጠችን፤ "እሱ ተፈትኗል" አለች።

መምህር ደረጀ በየጉብታው ላይ ሹፌሩን ቀስ በል ሲሉት "እርጉዝ ነው የጫንኩት?" አለ ሰውዬው። ጣርማ በርን ስናልፍ ግን መምህር ደረጀ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኙ። ሹፌሩ ያለ ማንም አስታዋሽ ቀስ እያለ ነዳ።

ከተመለስን በኋላ

ሰኔ ሳያልቅ ደረስን። የኮሚቴው ሰብሳቢ መጥተው በእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠው ፒኩ ሲወጣ አዩ፤ ለረጅም ጊዜም አልተነሱም። ወንበሮቹ ቀሩ።

ኑሩ በየዓርቡ ይደውል ጀመር። መምህር ደረጀ ክፍል ስለሚሆኑ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። "እንዴት ናት?" ይላል። ደህና ናት እላለሁ። "ግፊቷስ?" ይላል። አንብቤ እነግረዋለሁ። አልሐምዱሊላህ ብሎ ይዘጋል። በቀደም ግን ግፊቷ በጣም ወጥቶ፣ እኛም ምክንያቱን አጥተን አጥፍተናት ነበር። እንዳያዝን ብዬ ደህና ናት ልለው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም፤ ነገርኩት። ምንም ሳይል ዘጋው። ተቀየመን ብለን አዘንን።

ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪውን ልንከፍት ስንመጣ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ባንድ እጁ የመፍቻ ቦርሳ፣ በሌላው የበሽተኛ መጠየቂያ ብርቱካን በፌስታል ይዟል።

"ምነው ሳትደውል?" አሉት መምህር ደረጀ።

"ዘመድ ታሞ በስልክ ይጠየቃል?" አለና ገብቶ ጃኬቱን አወለቀ።

የተደፈነውን ማጣሪያ ፈትቶ አጠበላት፤ ምሳ ሳይደርስ ተሻላት። ብርቱካኑን እኛ በላነው።